ለሽማግሌ የተከፈተ በር

ስልኳ ሲጮህ ሆሣዕና ሶፋው ላይ ተጋድማ ጥፍሯን ቀለም ትቀባ ነበር። የሳይንስ ፕሮጀክቷ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ አለ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ማን ሳይንስ ይሠራል? ስክሪኑ ላይ የወጣው የሕንጻው መግቢያ ቁጥር ነው። ታች ሎቢ ያለ እንግዳ የቤታቸውን ኮድ ሲነካ ጥሪው የሚመጣው በእሷ ስልክ ነው፤ ዘጠኝን ስትጫን የሎቢው በር ይከፈታል።

«ሆሣዕና ልጄ፣ ዋለልኝ ነኝ፣ የሶልያና አባት። ክፈቺልን እስቲ፣ ብርዱ ፈጀን።»

ሆሣዕና ቀና ብላ የመኝታ ቤቱን በር አየች። እናቷ መሠረት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊቱን ስትሠራ አድራ ጠዋት ነው የገባችው። አሁን ድብን ያለ እንቅልፍ ላይ ናት። «ሳትነግሪኝ ለማንም እንዳትከፍቺ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ስንት ጊዜ እንደነገረቻት ሆሣዕና ቁጥሩ ጠፍቶባታል። ለፒዛም ቢሆን፣ ለጎረቤትም ቢሆን።

ማስጠንቀቂያው ያለ ምክንያት አልመጣም። ከጥቂት ወራት በፊት ፍርድ ቤት አባቷን ደረጄን ከእነሱ አግዶታል። ወደ ቤታቸው፣ ወደ መሠረት ሥራ ቦታና ወደ ሆሣዕና ትምህርት ቤት አምስት መቶ ሜትር ድረስ እንኳ መጠጋት አይችልም። መደወል፣ ቴክስት ማድረግ፣ ሰው መላክም ክልክል ነው። ሆሣዕና ይህን ሁሉ በደንብ ታውቀዋለች። የእገዳው ኮፒ ለትምህርት ቤቱ ሲሰጥ ምክትል ርእሰ መምህሩ ከክፍል አስጠርተው ያነጋገሯት ቀን፣ ከሀፍረቷ የተነሣ ምሳዋን ሽንት ቤት ተደብቃ ነው የበላችው።

ግን ጋሽ ዋለልኝን እንዴት አድርጋ ደጅ ታቆማለች? ካናዳ የገቡ ዕለት ከኤርፖርት የተቀበሏቸው እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያውን የክረምት ጃኬቷን የገዙላት እሳቸው ናቸው። በዚያ ላይ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ የቅርብ ጓደኛዋ አባት። «ይጠብቁ፣ እናቴን ልጠይቅ» ብላቸው እሑድ በየትኛው ዓይኗ ታያቸዋለች? እናቷን መቀስቀስም አሳዘናት። ዘጠኝን ተጫነች።

የቤቱን በር ስትከፍት ጋሽ ዋለልኝ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል። አጠገባቸው ሁለት ሌሎች የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አሉ። ከእነሱ ጀርባ ደግሞ፣ እሑድ እሑድ የሚለብሰውን ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ፣ አባቷ ቆሟል።

«ሆሲዬ» አላት።

በሩን መዝጋት ትችል ነበር። ጊዜም ነበራት፤ ሽማግሌዎቹ ከመግባታቸው በፊት ጫማቸው ላይ ያለውን በረዶ ሲያራግፉ ቆይተዋል። «እማ!» ብላ መጮህም ትችል ነበር። ሁለቱንም አላደረገችም። ደንግጣ ነው እንዳይባል፣ ድንጋጤ አልነበረም። ደስ ብሏት ነው። አባቷን ካየችው ወራት አልፈዋል፤ ከስቷል፤ ደግሞም ሆሲዬ ብሎ የሚጠራት እሱ ብቻ ነው። ይኼ ሰው ሕንጻው ጀርባ ፓርኪንጉ ውስጥ ብስክሌት ያስተማራት፣ ስትወድቅ ከእሷ በላይ የሚጮኸው ሰው ነው። ይኼው ሰው እናቷን ገፍትሮ ከኩሽናው ካውንተር ጋር ያጋጫት፣ ከቤት ከወጣ በኋላም ሥራ ቦታዋ ድረስ እየሄደ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ መውጫዋን የሚጠብቃት ሰው ነው። ሁለቱም እሱ ነው። በዚያች ደቂቃ ግን ሆሣዕና ያየችው ብስክሌት ያስተማራትን ብቻ ነበር። ወደ ጎን ብላ አሳለፈቻቸው።

መሠረት ድምፅ ሰምታ ሻሿን እንኳ ሳታስተካክል ወጣች። ደረጄን ስታየው አልጮኸችም። እጇን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ቀጥ አለች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«መሲ ልጄ፣ አትደንግጪ» አሉ ጋሽ ዋለልኝ። «ለክፉ አይደለም የመጣነው። ትዳራችሁ በፈረንጅ ፍርድ ቤት ሲንገላታ ዝም ብለን ብናይ ጌታ ይጠይቀናል። ደረጄም ተጸጽቷል። ይቅርታ ይጠይቅሽ፣ አብረን እንጸልይ፣ ከዚያ እንሄዳለን።»

«ጋሽ ዋለልኝ፣ እሱ እዚህ መምጣት አይችልም» አለች መሠረት። «የዳኛ ኦርደር አለ እኮ። እርስዎም ያውቃሉ።»

«ኦርደሩ እኮ እስክትታረቁ ነው የኔ ልጅ። ከታረቃችሁ ምን ይሠራል?»

ጋሽ ዋለልኝ ይህን ያሉት ከልባቸው ነው። ክፉ ሰው አይደሉም። አገር ቤት እያሉ ሽምግልና ተቀምጠው ስንቱን ባልና ሚስት አስታርቀዋል፤ የዳኛ እገዳም እንደ ጎረቤት ኩርፊያ በእርቅ የሚያልቅ መስሏቸዋል። ደረጄ ተንበርክኮ የመሠረትን እጅ ያዘ። ጋሽ ዋለልኝ ደግፈው አነሡትና «በሉ እንጸልይ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሆሣዕና አልጨፈነችም። ምናልባት እናቷ ስላልጨፈነች ይሆናል።

ያየችው የአባቷን እጅ ነው። የያዘው የእናቷን መዳፍ ሳይሆን የእጅ አንጓዋን ነበር። አውራ ጣቱ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል፤ የእናቷ ጣቶች ደም አጥተው ነጥተዋል። ጋሽ ዋለልኝ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለ ፍቅር ሲጸልዩ፣ አባቷ ወደ እናቷ ጆሮ ጠጋ ብሎ «ሰው ፊት ካዋረድሽኝ ምን እንደማደርግሽ ታውቂያለሽ» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። ሆሣዕና ግን አጠገባቸው ስለነበረች ሰማችው።

«አሜን» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«አሜን» አለች መሠረትም።

ጋሽ ዋለልኝ እንባቸውን ጠረጉ። ሰውየው በእውነት አልቅሰዋል። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተቃቀፉ፤ ጌታ ይመስገን ተባለ። ሲወጡ አባቷ የሆሣዕናን ግንባር ሳም አደረገና በጆሮዋ «ጎበዝ ልጄ። አንቺ ባትኖሪ ማን ይከፍትልን ነበር?» አላት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

መሠረት በሩን ቆለፈች፣ ሰንሰለቱን አስገባች፣ ከዚያ በሩን ተደግፋ ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። አንጓዋን በሌላው እጇ ይዛዋለች።

«ማነው የከፈተላቸው?»

እውነቱ የሆሣዕና ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። ግን የእናቷን አንጓ አየችና ፈራች። «እኔ እንጃ እማ። ታች ከሚገባ ሰው ጋር ተከትለው ገብተው ይሆናል። የኛ በር ደግሞ… አልተቆለፈም መሰለኝ። ከፍተው ገቡ።»

መሠረት ግንባሯን መታች። «እኔው ነኛ! ጠዋት ደክሞኝ ስገባ ረስቼው ነው። እኔው ነኝ የራሴ ጠላት!»

ሆሣዕና ስትዋሽ ያሰበችው ከቁጣ ለማምለጥ ነበር። እናቷ ጥፋቱን አንሥታ በራሷ ላይ ትጭነዋለች ብላ አልጠበቀችም።

ትንሽ ቆይታ መሠረት «ፖሊስ እጠራለሁ» አለች።

«እማ፣ ጋሽ ዋለልኝስ? ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል። ጠበቃዬ ነግራኛለች። ኦርደሩን የሰጠው ዳኛው ነው፤ ማንሣት የሚችለውም ዳኛው ብቻ ነው። እኔ ራሴ ና ግባ ብዬ ብጠራው እንኳ መግባት አይችልም።»

የመጣው ፖሊስ ወጣት ነበር። የመሠረት እንግሊዝኛ ለሥራዋ ይበቃል እንጂ ለእንዲህ ያለ ነገር አይበቃም፤ ስለዚህ ሆሣዕና አስተረጎመች። መሠረት የቀላውን አንጓዋን አሳየች፤ በጆሮዋ የተባለውንም ተናገረች። ፖሊሱ እንዴት እንደገቡ ሲጠይቅ፣ «ማንም አልከፈተላቸውም፣ በሩን ሳልቆልፍ የተኛሁት እኔ ነኝ በይው» አለቻት። ሆሣዕና አንዲት ቃል ሳታጓድል ተረጎመች። የእሷ ውሸት በእናቷ ስም ተጻፈ።

እሑድ መሠረት ቤተ ክርስቲያን አልሄድም አለች። ሆሣዕና ግን የታዳጊዎች መዘምራን ውስጥ ስላለች ቀረች እንዳይሏት ሄደች፤ ምነው በቀረች። አዳራሹ በር ላይ እትዬ ጸሐይ ገና ሳታያቸው ጉንጮቿን ያዙና ሳሟት።

«እንኳን ታረቁልሽ የኔ እናት! በሩን የከፈትሽው አንቺ ነሽ አሉ። የሰላም ልጅ!»

ሌሎች ሴቶችም መጥተው ሳሟት። ሆሣዕና ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ ከንፈሯ ግን እምቢ አላት። መዝሙሩ ላይ አፏን ብቻ ስታንቀሳቅስ ቆይታ፣ ሲያልቅ ጃኬቷን እየጎተተች ማንንም ሳትሰናበት ወጣች። ተሰድባ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ስድብ ሲሆን ቢያንስ መልስ ይሰጡታል።

ሰኞ ማታ መሠረት ወደ ሥራ ልትሄድ ስትል ፖሊሱ ደወለ። መሠረት ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችው። ደረጄን አነጋግረውታል። መምጣቱን አልካደም፤ ግን የጠራችኝ እሷ ናት፣ ታርቀናል ይላል። ሽማግሌዎቹም ጸልየን፣ እሷም አሜን ብላ፣ በሰላም ተለያየን፤ እጇን ሲጨምቃት አላየንም፤ በሩንም የከፈተችልን ልጅቷ ናት ብለዋል። «ሁለት የተለያየ ታሪክ ነው ያለኝ» አለ ፖሊሱ። ረቡዕ አንዲት መርማሪ መጥታ እንደገና ታነጋግራቸዋለች።

ሆሣዕና ይህን ስትተረጉም ድምጿ ተንቀጠቀጠ። መሠረት መንቀጥቀጡን የተረዳችው በሌላ መንገድ ነው።

«አይዞሽ፣ አትደንግጪ። ልጅቷ ከፈተችልን? ደግሞ ብለው ብለው በልጄ ይመጣሉ? ጋሽ ዋለልኝ በዚያ ሽበታቸው!» ቦርሳዋን አንሥታ መልሳ አስቀመጠች። እገዳው ጊዜያዊ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ዳኛው ይቀጥል ወይስ ይነሣ ብሎ ይወስናል። «በሩ ላይ ዋሽታለች ካሉኝ» አለች ዝግ ብላ፣ «ስለ እጁ ማን ያምነኛል? ይነሣለታል። ከዚያ ነገ መኪናውን የሚያቆመው እዚሁ ደጃችን ነው።»

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ሶልያና ትምህርት ቤት የሆሣዕና ሎከር፣ የደብተር ማስቀመጫ ሳጥኗ ጋ ጠበቀቻት። ሁልጊዜ ከሩቅ የሚሰማው ሳቋ ዛሬ የለም።

«ሊስን፣ ስሚኝ» አለች። «ዳዲ እንቅልፍ አጥቷል። አባትሽ ኦርደሩን እንዲጥስ ረድተሃል ብለው እንዳያስሩት ፈርቷል። ዋላሂ፣ ለጸሎት ነው የሄደው!»

ዋላሂ የትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ መሐላ ነው፤ የፕሮቴስታንት ሽማግሌ ልጅ ስትምልበት ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆሣዕና ትስቅባት ነበር።

«አውቃለሁ» አለች።

«አንቺ ነሽ አይደል የከፈትሽው? ዳዲ አይዋሽም።»

ሆሣዕና ጫማዋን አየች።

«ሶ፣ ኢዚ ነው። እማ ክፈቺላቸው አለችኝ በይ። ዛትስ ኢት፣ በቃ። የኔም ዳዲ አይነካም፣ ያንቺም ዳዲ አይታሰርም፣ ያልቃል። ቸርች ውስጥ ሁሉም ሰው ታርቀዋል ነው የሚለው። እናትሽ ራሷ አሜን ብላለች እኮ!»

«አሜን ያለችው…» ሆሣዕና መጨረስ አቃታት። ያየችውን ጮክ ብላ ከተናገረችው፣ አባቷ በእርግጥ እንደዚያ ዓይነት ሰው ሊሆን ነው።

«ምን?»

«ምንም።»

«ሆስ፣ ፕሊስ። ቤስት ፍሬንዴ አይደለሽ?» የሶልያና ዓይን እንባ አቅርሯል። ሆሣዕና ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ማለት ይሁን እምቢ ማለት እሷም አላወቀችውም።

ቀሪውን ቀን አስተማሪዎቹ የሚሉት በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ። የሶልያና መንገድ ቀላል ነበር። የሚያሳፍረው ደግሞ ልቧ ወደዚያ ማዘንበሉ ነው። አባቷ በካቴና ሲወሰድ በዓይነ ልቦናዋ ይታያታል። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል። ከእናቷ በስተቀር።

ቤት ስትደርስ መሠረት ከሱቅ የገዛችውን ተጨማሪ መቀርቀሪያ በሩ ላይ እየገጠመች ነበር። ሰው መጥቶ እስኪሠራላት መጠበቅ አልፈለገችም፤ ብሎኑን በማይሆን ዊንዲቨር እየታገለችው አንገቷ በላብ ርሷል።

«ከእንግዲህ አንዱን ብረሳ አንዱ ይኖራል» አለች። «ጭንቅላቴ እምቢ እያለኝ ነው መሰለኝ። ሥራ ላይ እንኳ መፍራት ጀምሬያለሁ። አሁን የአልጋ ጎን መከለያ ሳላነሣ ረስቼ አንዷ አሮጊት ብትወድቅብኝስ? ትላንት ማታ ክፍል ለክፍል እየተመለስኩ መከለያዎቹን ስነካ ነው ያደርኩት። የሥራ ጓደኞቼ ሳቁብኝ።»

«እማ፣ አንቺ አልረሳሽም» አለች ሆሣዕና።

«ምን?»

«ማለቴ… ሰው ነሽ። ሰው ይረሳል።»

ክፍሏ ገብታ ትራሷን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ስለ አባቷም አልነበረም፣ ስለ ሶልያናም አልነበረም። እናቷ ያልረሳችውን በር ረሳሁ ብላ ራሷን መጠራጠር መጀመሯ አንገበገባት። ይህን ያደረገው አባቷ አይደለም። እሷ ናት።

ረቡዕ የመጣችው መርማሪ ጠና ያለች ሴት ነበረች። ልጅ ለእናቷ ማስተርጎም የለባትም ብላ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ ተርጓሚ ደወለች። በስፒከሩ የመጣው የአንዲት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ድምፅ ነው፤ «እንደምን ዋላችሁ» አሉ በጥሩ አማርኛ። መሠረት ተሳቀቀች። ቶሮንቶ ውስጥ አበሻ ከአበሻ ተሰውሮ አይኖርም፤ ድምፁ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል? ቢሆንም ቀድማ የተናገረችው እሷው ናት።

«አንድ ነገር ይጻፍልኝ። ልጄ በር አልከፈተችም። ማንም የፈለገውን ይበል፣ የኔ ልጅ አትዋሽም።»

መርማሪዋ ከጻፈች በኋላ ወደ ሆሣዕና ዞረች። ከፈለገች በእንግሊዝኛ መናገር እንደምትችል፣ የሚቀላት ከሆነም እናቷ መኝታ ቤት ገብታ ልትጠብቅ እንደምትችል ነገረቻት።

በእርግጥ ይቀላት ነበር። በእንግሊዝኛ ቶሎ ቶሎ ብትናገረው እናቷ ግማሹን አትሰማውም፤ መኝታ ቤት ከገባች ደግሞ ጭራሽ። በኋላ ቀስ ብላ፣ አሳምራ፣ የሚያሳፍረውን ቆርጣ ጥላ ልትነግራት ትችላለች። ሆሣዕና ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበችው። ከዚያ እናቷን አየቻት፤ መሠረት አይዞሽ በሚል ዓይን እያየቻት ነው።

«እማ ትቀመጥ» አለች። «በአማርኛ ነው የምናገረው።»

ተርጓሚዋ ለመርማሪዋ ነገሯት። መርማሪዋ እሺ አለች።

«በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ታችም፣ ላይም። እማ ተኝታ ነበር። አልጠራቻቸውም። ክፈቺ አላለችኝም። በሩንም ቆልፋው ነበር የተኛችው፣ ምንም አልረሳችም። ለእሷም ለፖሊሱም የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ስልኩ ውስጥ እያንዳንዱ ቃል በእንግሊዝኛ ሲደገም ሆሣዕና ጠረጴዛው ላይ አፈጠጠች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ነደደ። የእናቷ ወንበር ሲንቋቋ ሰማች፤ ተነሥታ የምትሄድ መሰላት።

«አባትሽ እንደመጣ ስታዪ በሩን ለምን አልዘጋሽውም?» ጠየቀች መርማሪዋ።

«ደስ ስላለኝ።»

ተርጓሚዋ ከመተርጎማቸው በፊት «ደስ ስላለኝ ነው ያልሽው የኔ ልጅ?» ብለው አጣሩ።

«አዎ። ደስ ስላለኝ። እንደሱ ብለው ይንገሩልኝ።»

መሠረት አልሄደችም። ወንበሯን ጎትታ ከሆሣዕና ጎን አስጠጋችው። ፊቷ ላይ ቁጣ ይኑር ሐዘን፣ ሆሣዕና ቀና ብላ ለማየት አልደፈረችም። ቀጥሎ የምትናገረው አባቷን ሊያሳስረው እንደሚችል ታውቃለች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ሲጸልዩ ግን» አለች፣ «እኔ ዓይኔን አልጨፈንኩም።»